የጋራ ብርድ ልብሳችን ካሬዎች መጠናቸው ተለያይቷል፤ ሳንተረትር እንዴት እናገጣጥማቸው?

የክለቡ አስተባባሪ፦

የተከበራችሁ የኪሮሽ ሥራ ወዳጆች፣

ክለባችን ላለፉት ሦስት ወራት ሲሠራው የቆየው የጋራ ብርድ ልብስ ወደ ማገጣጠሙ ደርሷል። ይሁን እንጂ ባለፈው ስብሰባ ካሬዎቹን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በሜትር ስንለካቸው ያልጠበቅነው ችግር ገጠመን። ዕቅዳችን ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በአግድም 10፣ በቁመት 12 አድርገን፣ በድምሩ 120 ካሬ በማጋጠም 150 በ180 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ ማውጣት ነበር። እስካሁን 87 ካሬዎች ተሰብስበዋል። ከእነዚህ ውስጥ 58ቱ ከ14.5 እስከ 15.5 ሴንቲ ሜትር ባለው ልክ ውስጥ ሲሆኑ፣ 18ቱ 13.5 አካባቢ ናቸው፤ የቀሩት 11 ደግሞ 19 ሴንቲ ሜትር ሆነው ተገኝተዋል።

ሁላችንም የሠራነው በአንድ ዓይነት ክር ነው፤ አክሪሊክ ሆኖ በውፍረት መለያው ቁጥር 3 የሆነ። ኪሮሹም ባለ 5 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተስማምተን ነበር። መመሪያው ከመካከል ተጀምሮ 7 ዙር እንዲሠራ ያዛል፤ ሰባት ዙር ያልሞላ ወይም ከሰባት ያለፈ ካሬ አንድም አላገኘሁም። እንግዲህ ክሩ አንድ፣ ኪሮሹ አንድ፣ የዙሩም ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መራራቅ ከየት እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም። አንድ ሙሉ ረድፍ በትንንሾቹ ብቻ ቢገጣጠም አጠገቡ ካለው ረድፍ በ15 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ይህ በመወጠር የሚሸፈን ልዩነት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ማንም አባል «ያንቺ ሥራ አልሆነም» ተብሎ ካሬው እንዲመለስበት አልፈልግም። ከትንንሾቹ መካከል አንዱን አንስቼ ጀርባውን ገልብጬ ተመለከትኩት፤ የክሩ ጫፍ በሦስት አቅጣጫ ተመላልሶ ከመቀበሩ የተነሣ የት እንደተቆረጠ በጣት ዳስሼ እንኳ ላገኘው አልቻልኩም። ይህን የሠራችው ኪሮሽ ከያዘች ገና ሦስት ወሯ ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተደረገበትን ሥራ ወደ ጎን ማስቀመጥ ይከብደኛል፤ ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ምክራችሁን እንድትለግሱን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዳንቴል ሠሪ፦

ጤና ይስጥልኝ አስተባባሪያችን። ትንንሾቹና ትልልቆቹ የተለያየ ሕመም ያለባቸው ይመስለኛል፤ ስለዚህ ለየብቻ ብናያቸው ይሻላል።

13.5 እና 15 የእጅ ልዩነት ነው። እጁ የሚያጠብቅ ሰውና እጁ የሚያላላ ሰው በአንድ ኪሮሽ ሠርተው አንድ ልክ አያወጡም። 19 ሴንቲ ሜትር ግን በእጅ ልልነት ብቻ አይመጣም፤ የአሠራር ለውጥ አለበት። እስቲ ከአሥራ አንዱ አንዱን አንሥተው ወደ ብርሃን ያስጠጉትና ከቋሚዎቹ፣ ማለትም ቀጥ ብለው ከቆሙት የክር ዓምዶች፣ አንዷን ብቻ ይመልከቱ። በቋሚዋ ወገብ ላይ በሰያፍ የሚያልፍ ክር አንድ ጊዜ ነው የሚታየው ወይስ ሁለት ጊዜ?

የክለቡ አስተባባሪ፦

አሁን አወጣሁና ተመለከትኩ። በትክክለኞቹ ካሬዎች ላይ ሰያፉ አንድ ነው። በትልልቆቹ ላይ ሁለት ነው፤ በአሥራ አንዱም ላይ እንደዚያው ነው።

ዳንቴል ሠሪ፦

እንደገመትኩት ነው። ችግሩ ያለው መመሪያው ላይ እንጂ ሠሪዎቹ ላይ አይደለም።

ካልተሳሳትኩ መመሪያው «ትሬብል» የሚል ቃል ነበረበት። ይህ ቃል በእንግሊዞችና በአሜሪካውያን ዘንድ አንድ ትርጉም የለውም። እንግሊዞች «ትሬብል» ሲሉ ኪሮሹን ወደ ሥራው ከማስገባታችን በፊት ክሩን አንድ ጊዜ የምንጠመጥምበትን ቋሚ ማለታቸው ነው፤ አሜሪካውያን ይህንኑ «ደብል» ይሉታል። አሜሪካውያን «ትሬብል» ካሉ ግን ክሩ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ የሚሠራውን ረጅሙን ቋሚ ነው። ጥምጥም የሌለበትን አጭሩንም እንግሊዞች «ደብል»፣ አሜሪካውያን «ሲንግል» ይሉታል። የአጠራሩ መዛነፍ ከሥር እስከ ላይ በአንድ ደረጃ የሚሄድ ስለሆነ፣ መመሪያው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ካልተጻፈበት ሁለት ጎበዝ ሠሪዎች አንድ ገጽ አንብበው ሁለት የተለያየ ነገር ሠርተው ይመጣሉ፤ ሁለቱም ደግሞ ትክክል ናቸው።

እኔ ለማስተማር የምጠቀምበት መፍትሔ ቀላል ነው። ስሙን ትቼ በጥምጥሙ እጠራዋለሁ፦ ጥምጥም የሌለው፣ ባለ አንድ ጥምጥም፣ ባለ ሁለት ጥምጥም። እንዲህ ከተባለ የሚሳሳት የለም።

ከትልልቆቹ ስምንቱን የሠራሁት፦

ከአሥራ አንዱ ስምንቱ የእኔ ናቸው። ካሬዎቹ መጠናቸው ከሌሎቹ የተለየ መሆኑን ሳውቅ ማዘኔን አልደብቅም፤ እያንዳንዱን በጥንቃቄ ነበር የሠራሁት፣ ዓይኑንም (የሥራውን ቀለበት) በየዙሩ ቆጥሬያለሁ። የኪሮሽ ሥራ የተማርኩት ከአሜሪካ መመሪያዎች ስለሆነ «ትሬብል» የሚለውን ሳነብ ክሩን ሁለት ጊዜ ከመጠምጠም ሌላ ነገር ወደ አእምሮዬ አልመጣም። ስህተቱ ከየት እንደሆነ ስላብራሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለብርድ ልብሱ ሲባል መተርተር ካለባቸው ለመተርተር ዝግጁ ነኝ።

ዳንቴል ሠሪ፦

አይተርትሩ፣ እባክዎ። ሁለት ዙር ተርትሮ መጠኑን ማሳነስ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ከአምስት ዙር የሚወጣው የጠርዝ ዓይን ከሰባቱ ዙር ጋር ስለማይተካከል ሲገጣጠም መልሶ ይሰበሰባል። አንድ ጊዜ የተሠራና የተተረተረ አክሪሊክም ተጣጥፎ ስለሚቀር እንደ አዲስ ክር አይታዘዝም።

ከዚህ ይልቅ አራቱን ካሬዎች ሁለት በሁለት ብታገጣጥሟቸው 38 በ38 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ይህም ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትራስ ልክ የሆነ ፊት ነው፤ የትራስ ልብስ ትንሽ ሲጠብ ነው የሚያምረው። አራት ለፊቱ፣ አራት ለጀርባው፤ ስምንቱ ካሬዎችዎ አንድ ሙሉ ትራስ ሆነው ከብርድ ልብሱ ጋር አብረው ሊሰጡ ይችላሉ። የቀሩት ሦስቱ በክለቡ ዘንድ ይቆዩና ባለ አንድ እና ባለ ሁለት ጥምጥም ጎን ለጎን የሚታይባቸው የማስተማሪያ ናሙና ይሁኑ።

የሦስት ወር ጀማሪ፦

ትንንሾቹን ካሬዎች ከሠሩት አንዷ ነኝ። ስለ ክሩ ጫፍ የተባለውን አንብቤ በጣም ደስ ብሎኛል፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እጄ ለምን እንደሚያጠብቅ ማወቅ እፈልጋለሁ። አላልቼ ለመሥራት ስሞክር ጥቂት ዓይኖች ልል ይሆኑና ሳላውቀው እንደገና እጠብቃለሁ፤ በዚህም የተነሣ ሥራው ዝንጉርጉር ይሆንብኛል። ከአንድ ሰዓት በላይ ስሠራም የእጄ አንጓ ያመኛል።

ዳንቴል ሠሪ፦

እህቴ፣ እጅሽን አላልቼ ልሥራ ብለሽ አትታገዪ፤ የሚያስፈልገው ኪሮሹን አስተካክሎ መያዝ ነው።

ኪሮሽሽን አግድም ያዢውና ተመልከቺው። ከመንጠቆው ቀጥሎ የቀጠነ አንገት አለ፤ ከአንገቱ ቀጥሎ ደግሞ ወፈር ያለ ግንድ አለ። «5 ሚሊ ሜትር» ተብሎ የተለካው ግንዱ እንጂ አንገቱ አይደለም። ብዙ ጀማሪዎች ክሩን ከጎተቱ በኋላ ቀለበቱን አንገቱ ላይ እንዳለ ይተዉትና ወደሚቀጥለው ዓይን ያልፋሉ፤ እንግዲህ ኪሮሹ 5 ቢባልም የሚሠሩት በ4 ወይም ከዚያ ባነሰ ነው ማለት ነው። ቀለበቱ ወደ ግንዱ ሲያልፍ ልኩን ያገኛል። በየዓይኑ ቀለበቱን ወደ ግንዱ ገፋ አድርገሽ እዚያው ላይ ካስቀመጥሽ በኋላ ወደሚቀጥለው እለፊ። ለሁለት ቀን ያህል ያዘገይሻል፤ ከዚያ በኋላ እጅሽ ራሱ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም 13.5 ከወጣ በ5.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሥሪ። ዓላማው አንድ ልክ ያለው ካሬ ስለሆነ የኪሮሹ ቁጥር ከሰው ሰው ቢለያይ ምንም ነውር የለበትም። ክለቡ «ሁሉም በ5 ይሥራ» ከማለት ይልቅ «ሁሉም 15 ያውጣ» ብሎ ቢነሣ ኖሮ ይህ ጉዳይ ገና ከመጀመሪያው ናሙና ይታይ ነበር።

የአንጓው ሕመም ከዚሁ ከመጥበቁ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ጠባብ ዓይን ውስጥ ኪሮሽ ለማስገባት የሚያስፈልገው ጉልበት ቀላል አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ አስቀምጠሽው ጣቶችሽን ዘርጊ። ሕመሙ ካልተወሽ ግን ሐኪም ማየት አለብሽ።

ግራኝ አባል፦

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ በግራ እጄ ስለምሠራ ዙሩን የምዞረው ሌሎቹ ከሚዞሩበት በተቃራኒው ነው። ካሬው በአራቱም ጎን አንድ ስለሆነ ማንም ልዩነቱን አያይም፤ የመጨረሻው የጠርዝ ዙር ሲሠራ ግን የእኔን ካሬዎች ለእኔ ብትተዉልኝ ዓይኑ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ደግሞም በምልክት የተሳለ ንድፍ ከቃል መመሪያ ይልቅ ለእኛ ይቀላል፤ በመስተዋት ማየት ብቻ ይበቃናል። በንድፉ ላይ ቋሚው እንደ «ቲ» ፊደል ሆኖ የጥምጥሙ ቁጥር በወገቡ ላይ በሚያልፉት ጭረቶች ስለሚታወቅ፣ ከላይ የተነሣው የእንግሊዝና የአሜሪካ ክርክር እዚያ ላይ ቦታ የለውም።

የሂሳብ መምህር፦

ስለ አገጣጠሙ አንድ ስሌት ላቅርብ። ሁሉም ካሬዎች፣ ትንንሾቹም ሆኑ መካከለኞቹ፣ በሰባት ዙር ስላለቁ በየጎናቸው ያለው የዓይን ቁጥር እኩል ነው፤ በየጎኑ ሰባት ቡድን፣ በየቡድኑ ሦስት ቋሚ፣ በድምሩ 21። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም ዓይን ለዓይን መጋጠም ይችላሉ። የሚለያየው የዓይኑ ስፋት ብቻ ነው።

እንግዲህ 15ቹን ለመጠበቅ ከመታገል ይልቅ ሁሉንም ወደ 16 ማሳደግ አይሻልም? በ15ቹ ዙሪያ ጥምጥም የሌለው አጭር ዙር ቢጨመር በየወገኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አድጎ 16 ይሆናል። በ13.5ቹ ዙሪያ ደግሞ ባለ አንድ ጥምጥም ዙር ቢጨመር በየወገኑ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ በላይ ስለሚያድግ ወደ 16 ይጠጋል። የሁሉም ጠርዝ ቀለም አንድ ከሆነ ዓይን የሚያየው የጠርዙን መረብ እንጂ የካሬዎቹን ልዩነት አይደለም።

ካሬው 16 ሲሆን የሚያስፈልገው ቁጥርም ይቀንሳል። 9 በ11 ቢደረደር 99 ካሬ ይሆናል፤ ስፋቱም 144 በ176 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው ዕቅድ ብዙ አያንስም። በእጃችሁ ያሉት ለብርድ ልብሱ የሚሆኑት 58 እና 18፣ በድምሩ 76 ናቸው። ስለዚህ የሚቀራችሁ 23 ካሬ ብቻ ነው።

ዳንቴል ሠሪ፦

ይህ ከእኔ ሐሳብ የተሻለ ነው። እኔ የጠርዙን ኪሮሽ ለጠባቦቹ በ5.5፣ ለልሎቹ በ4.5 አድርጎ ማመጣጠን ነበር ያሰብኩት፤ ከዚህ ስሌት ጋር ተደምሮ ጥቂት ሚሊ ሜትሮችን ለማስተካከል ሊረዳ ይችላል።

ከብዙ ሰው እጅ የወጣን ሥራ በጠርዝ ማስማማት በሙያችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1845 በአየርላንድ የድንች ሰብል ተበላሽቶ ረሀብ በገባ ጊዜ የኪሮሽ ዳንቴል የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኖ ነበር፤ የገዳም እናቶችም ለሴቶችና ለልጆች ያስተምሩ ነበር። እዚያ አንዷ ጽጌረዳ ብቻ፣ ሌላዋ ቅጠል ብቻ እየሠራች፣ የተሠሩት አበቦች አንድ ላይ ይሰበሰቡና በቀጭን መረብ እርስ በርስ ይያያዙ ነበር። ከብዙ ቤት የመጣው ሥራ አንድ ልብስ የሚሆነው በመረቡ ነው። የእናንተም ጠርዝ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙን የምትሠሩት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ብትሆኑ ይመረጣል።

ጠርዙን ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ከማገጣጠማችሁ በፊት ግን ካሬዎቹን ወጥሩ። ሰፊ ጣውላ ላይ በ16 ሴንቲ ሜትር ርቀት አራት ቀጫጭን እንጨቶች ተክላችሁ የካሬዎቹን አራት ማዕዘን በእንጨቶቹ ላይ ብታጠልቁ፣ አሥርና ከዚያ በላይ ካሬ በአንድ ጊዜ ተደራርቦ ይወጠራል። ጥጥ ቢሆን ኖሮ አርጥቦ ማድረቅ ይበቃ ነበር፤ ክራችሁ አክሪሊክ ስለሆነ እንፋሎት ያስፈልገዋል። እንፋሎቱን ከሁለት ወይም ከሦስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ስጡት፤ ካውያው ክሩን ከቶ እንዳይነካው። አክሪሊክ ፕላስቲክ ስለሆነ በጋለ ብረት ከተነካ ይቀልጣል፤ ባይቀልጥ እንኳ ላልቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል፣ ተመልሶም አይነሣም። እኔ አንድ ሻርፕ እንዲህ አበላሽቼ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በአንድ ትርፍ ካሬ ላይ ሳልሞክር ወደ ዋናው ሥራ አልሄድም።

የሕፃናት ነርስ፦

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ብርድ ልብሱ የሚሰጠው ለማን ነው? ጥያቄዬ ያለምክንያት አይደለም። በቡድን በቡድን የሚሠራው ይህ ካሬ በየቡድኑ መካከል ክፍተት አለው። ለአዋቂ መልካም ነው፤ ለአራስ ሕፃን ግን የእጁና የእግሩ ጣቶች ክፍተቱ ውስጥ ገብተው ሊጠመዘዙ ስለሚችሉ አይመከርም። ለአራስ የሚሠራ ነገር ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጸጉር የማይበትን፣ ቁልፍም ሆነ የሚነቀል ጌጥ የሌለው መሆን አለበት።

የክለቡ አስተባባሪ፦

የሚሰጠው ለአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ በመሆኑም ክፍተቱ ችግር አይፈጥርም። ስላስታወሱን ግን እናመሰግናለን፤ ምክንያቱም ለሚቀጥለው ሥራችን ጊዜያቸው ሳይደርስ ለተወለዱ ሕፃናት የሚሆን ነገር ለመሥራት ሐሳብ የነበራቸው አባላት አሉ።

የሕፃናት ነርስ፦

እንግዲያው እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንማርክ የተጀመረውን የትንንሽ ኦክቶፐሶች (ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳ አሻንጉሊቶች) ሥራ ተመልከቱት። በጎ ፈቃደኞች በኪሮሽ ሠርተው ጊዜያቸው ሳይደርስ ለተወለዱ ሕፃናት የሚሰጧቸው ናቸው፤ ሕፃኑ የተገጠሙለትን የሕክምና ቱቦዎች ከመያዝ ይልቅ የኦክቶፐሱን እጆች ይጨብጣል። ደንቡ ጥብቅ ነው። ክሩ መቶ በመቶ ጥጥ ሆኖ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ መታጠብ የሚችል መሆን አለበት፤ እጆቹም ተስበው ሲለኩ ከ22 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለባቸውም። ጭንቅላቱ መሙያው በማይታይበት ልክ መጥበቅ አለበት፤ ዓይኑም በክር ይጠለፋል እንጂ ፕላስቲክ አይደረግበትም። ከመጀመራችሁ በፊት የምትሰጡትን ሆስፒታል ጠይቁ፤ ሁሉም አይቀበልም፣ የሚቀበለውም የራሱ መመሪያ ይኖረዋል። እዚህ ላይ የሦስት ወሯ ጀማሪያችን ጥብቅ እጅ ከሁሉም በላይ ተፈላጊ ይሆናል።

የሦስት ወር ጀማሪ፦

በጣም ደስ ይለኛል። ችግሬ ግን ክብ ሥራ አልወጣልኝም፤ ጠፍጣፋ ክብ ልሠራ ስነሣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሰበሰብብኛል። አንዴ ደግሞ ዓይን ጨምሬ ብሠራ ዳሩ ተሸበሸበ።

የሂሳብ መምህር፦

ጥምጥም የሌለው አጭሩ ዓይን ቁመቱና ስፋቱ የተቀራረበ ነው። ክብ በአንድ ዓይን ቁመት ሲሰፋ ዙሪያው ከስድስት ዓይን ጥቂት በላይ ያድጋል፤ ስለዚህ በ6 ጀምረሽ በየዙሩ 6 ትጨምሪያለሽ፦ 6፣ 12፣ 18፣ 24። ባለ አንድ ጥምጥሙ ቁመቱ እጥፍ ገደማ ስለሆነ ጭማሪው በየዙሩ 12 ይሆናል። ከዚህ ካነሰ ይሰበሰባል፤ ለኦክቶፐሱ ጭንቅላት የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፣ መጨመሩን አቁመሽ ቀጥ ብለሽ መሥራት ብቻ ይበቃሻል። ከበዛ ደግሞ ይሸበሸባል።

የተሸበሸበውን አትጣይው። እ.ኤ.አ. በ1997 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረችው የሂሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና፣ ተማሪዎች በወረቀት ለማየት ይቸገሩበት የነበረውን ሃይፐርቦሊክ የተባለውን፣ ወደ ዳሩ በሄደ ቁጥር እየሰፋ የሚሸበሸበውን ገጽ በኪሮሽ ሠርታ አሳይታለች። አሠራሩ በየተወሰነ ዓይን ልዩነት ሳያቋርጡ አንድ እየጨመሩ መሄድ ነው። አንቺ በስህተት የደረስሽበት ሽብሽብ ከዚያ ቤተሰብ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለውን ክፍል ውስጥ ይዤ እገባለሁ።

የክለቡ አስተባባሪ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ለማሳወቅ ተመልሻለሁ።

ጣውላውን አዘጋጅተን፣ በአንድ ትርፍ ካሬ ላይ እንፋሎቱን ሞክረን፣ 76ቱንም ካሬዎች ጠርዛቸው ካለቀ በኋላ ወጠርን። ጠርዙን የሠሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የግራኝ አባላችንን ካሬዎች ግን ራሱ እንዲሠራቸው ትተንለታል። ትናንት የመጀመሪያውን ረድፍ ዘጠኝ ካሬ አገጣጥመን ለካን፤ 145 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሆን ብለን አራት ትንንሾችንና አምስት መካከለኞችን አፈራርቀን ነበር፤ ከአንድ ሜትር ርቀት ቆመን ስንመለከት የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልንም። ቀረብ ሲባል ብቻ የትንንሾቹ ጠርዝ ወፈር ብሎ ይታያል።

የትራሱ ልብስ አልቋል። ባለቤቱ ራሱ ሰፍቶ አምጥቶታል፤ ባለ ሁለት ጥምጥም በመሆኑ ከብርድ ልብሱ የሳሳና የለሰለሰ ሆኖ ተገኝቷል።

መመሪያው በጥምጥም ቁጥር ተስተካክሎ እንደገና ተጽፏል፤ በምልክት የተሳለ ንድፍም ተያይዞበታል። የቀሩትን 23 ካሬዎች የምትሠሩ አባላት መጀመሪያ አንድ ብቻ ሠርታችሁ፣ ጎኑን ለክታችሁ፣ የተጠቀማችሁበትን የኪሮሽ ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፋችሁ በስፒል አያይዛችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።